ከማሽኑ በፊት ያለው እጅ

ልጄ፣

ማይክሮባዮሎጂ ክፍል ማልዲ-ቶፍ ላይ እንደመደቡሽ ስሰማ ደስ አለኝ። አገር ቤት ሳለሽ አንዱን ባክቴሪያ ለመለየት ቲኤስአይ፣ ሲትሬት፣ ዩሪያ፣ ኢንዶል ላይ ዘርተሽ፣ ኢንኩቤተር ውስጥ አሳድረሽ፣ በማግስቱ የቀለሙን ለውጥ ስታነቢ ኖረሻል። አሁን በሜሪላንዱ ሆስፒታል ኮሎኒውን ብረት ላይ ትቀቢና ቡናሽን ሳትጨርሺ ስሙ ይወጣልሻል። ሥልጠናው ላይ ስለ ሌዘሩ፣ ስለ ቫክዩሙ፣ ስለ ሶፍትዌሩ ብዙ ይነግሩሻል። ስለ እጅሽ ግን በአንድ ገጽ ነው የሚጨርሱት። እኔ ዕድሜዬን በዚያ ወንበር ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝና የምጽፍልሽ ስለዚያች አንድ ገጽ ነው። ማሽኑ የሚያነበው አንቺ ያስቀመጥሽለትን ብቻ ነው። ያላስቀመጥሽለትን አያውቅም፤ አበላሽተሽ ያስቀመጥሽለትንም አያርምልሽም።

1. ማሽኑ ምን እንደሚያይ ሳታውቂ ኮሎኒ አትንኪ።

ማልዲ-ቶፍ የባክቴሪያውን ቅርጽ አያይም፤ የትኛውን ስኳር እንደሚያፈላም አይጠይቅም። የሚመዝነው ፕሮቲን ነው፤ ያውም ሁሉንም ሳይሆን ከ2,000 እስከ 20,000 ዳልተን ያሉትን። በዚህ መካከል ጎልተው የሚወጡት በአብዛኛው የራይቦዞም ፕሮቲኖች ናቸው። በማደግ ላይ ባለ ባክቴሪያ ውስጥ በጣም ብዙ ናቸው፣ ትንንሽ ናቸው፣ ጠባያቸውም ቤዝ ስለሆነ ቻርጅ በቀላሉ ይይዛሉ። ሌዘሩ ብረቱ ላይ የቀባሽውን ክብ፣ ስፖቱን፣ ሲመታው ፕሮቲኖቹ ቻርጅ ይዘው ይነሳሉ፤ በከፍተኛ ቮልቴጅ ተገፍተው አየር በሌለበት ቱቦ ውስጥ ይበራሉ። ቀላሉ ቀድሞ፣ ከባዱ ዘግይቶ መጨረሻው ላይ ይደርሳል። የበረሩበት ጊዜ ወደ ክብደት ይሰላል፤ የተገኘው የፒኮች ሰልፍም ላይብረሪው ውስጥ ካሉት ጋር ይተያይና በጣም የቀረበው ስም ይወጣል።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዢ። ባክቴሪያው ካረጀ ወይም ስፖር መሥራት ከጀመረ የፕሮቲኑ መልክ ይቀየራል፤ ማሽኑም የለመደውን ሰልፍ አያገኝም። ሁለተኛው ደግሞ ማሽኑ የሚመልስልሽ «ከማውቃቸው ማንን ይመስላል?» ለሚል ጥያቄ መሆኑ ነው። ላይብረሪው ውስጥ የሌለ ባክቴሪያ ሲያጋጥመው ዘመዱን ጠርቶ ይሰጥሻል። ወደዚህ ጉዳይ በኋላ እመለሳለሁ፤ ሰው የሚታመምበት ጉዳይ ነው።

2. ከትኩስ ፕሌት፣ ከአንድ ኮሎኒ።

ከ18 እስከ 24 ሰዓት ያደገ ፕሌት ይበቃሻል። ቀስ ብለው የሚያድጉት ሲሆኑ የግድ ትጠብቂያለሽ። ፍሪጅ ውስጥ ቀናት የከረመ ፕሌት አምጥተው «ይህን ብቻ እዪልኝ» ሲሉሽ፣ እንደገና ዝሪና ነገ እዪው። ብለድ አጋርና ቾኮሌት አጋር ጥሩ ውጤት ይሰጣሉ፤ ከማክኮንኪም ይሠራል። ሁለቱም ላይ ካደገ ግን እኔ ከብለድ አጋሩ እወስዳለሁ።

ስትወስጂ አጋሩን አትጫሪ። ከአጋሩ ጋር የሚመጣው ጨው ፕሮቲኖቹ ላይ እየተለጠፈ ፒኮቹን ያበላሻል። የኮሎኒውን አናት ብቻ ንኪው።

ፕሌቱ ላይ ሁለት ዓይነት ኮሎኒ ካየሽ ሁለቱንም ለየብቻ ውሰጂ። ከተደራረበ ቦታ የወሰድሽ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ብዛቱ ያየለው ነው። የተሸፈነው ሌላው ምናልባት በሽተኛውን የጎዳው እሱ ይሆናል፤ ማሽኑ ግን ስለሱ አንድም ቃል አይተነፍስም። ስለዚህ ነጥለሽ እስክታሳድጊው አንድ ቀን ቢዘገይም ይዘግይ። ሐኪሙ ቢቆጣ ለአንድ ቀን ነው፤ የተሳሳተ ስም ግን ከፋይሉ አይወጣም።

3. ትንሽ ቀቢ፤ አሁንም ቀንሺ።

ጀማሪ ሁሉ የሚያበዛው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ባክቴሪያ ብዙ ፕሮቲን፣ ብዙ ፕሮቲን ደግሞ ጥሩ ውጤት ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ከላይ የምትጨምሪው ፈሳሽ፣ ማትሪክሱ፣ ከፕሮቲኑ ጋር አብሮ ክሪስታል መሥራት አለበት፤ ባክቴሪያው ሲወፍር ማትሪክሱ ከላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ሌዘሩም የሚያገኘው ያልተቀላቀለ ክምር ይሆናል። ሌላም አለ፦ ስፖቱ ከፍና ዝቅ ሲል አዮኖቹ የሚነሱበት ቦታ ይለያያል፤ የሚበሩበት ጊዜ ይዛባል፤ ክብደታቸውም አብሮ ይዛባል። ሶፍትዌሩ በጥቂቱ ያስተካክልልሻል፣ ወፍራም ክምርን ግን አያስተካክልም።

መጠኑን በማይክሮግራም ብነግርሽ አይጠቅምሽም። መስታወት ላይ እፍ ሲሉበት የሚቀረውን ጉም አስቢ፤ ስፖቱ ላይ መታየት ያለበት ያን ያህል ነው። ብረቱ ከሥሩ ሲያንጸባርቅ ይታይሽ። ከመሀል ጀምረሽ ክብ እያደረግሽ ወደ ዳር ቀቢው፤ ከክቡ መስመር አታሳልፊው። እኔ ከፕላስቲክ ሉፕ ይልቅ የእንጨት ጥርስ መጎርጎሪያ እመርጣለሁ። የፕላስቲኩ ጫፍ ኮሎኒውን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይጥለዋል፤ እንጨቱ ግን ትርፉን ራሱ ላይ ያስቀርና ስሱን ያስቀምጥልሻል። ወጣቶቹ በዚህ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ከእያንዳንዱ ኮሎኒ ሁለት ስፖት ሥሪ። አንዱ ባይሳካ ሌላው ይኖርሻል፤ ሁለቱ የተለያየ ስም ቢያወጡ ደግሞ ያኔውኑ ቆመሽ የምታስቢበት ምክንያት አገኘሽ ማለት ነው።

4. ስፖቱና ሰውየው አይለያዩብሽ።

ከሁሉም የምፈራልሽ ይህን ነው። የወፈረ ስፖት ዝቅተኛ ስኮር፣ ማለትም ዝቅተኛ የመመሳሰል ነጥብ፣ ያመጣል፤ የደረቀ ማትሪክስ ባዶ ስፔክትረም ያመጣል። ሁለቱም ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ቢ3 ላይ መቀባት ያለበት ቢ4 ላይ ከተቀባ ግን ማሽኑ በ2.3 ስኮር፣ በአረንጓዴ ቀለም፣ በሙሉ ልብ የአንዱን ሕመምተኛ ባክቴሪያ ለሌላው ይሰጠዋል። የሚያስጠነቅቅሽ ምንም ነገር የለም።

ስለዚህ ፕሌቱን ክፈቺ፣ የስፖቱን ቁጥር መዝግቢ፣ ቀቢ፣ ፕሌቱን ዝጊና ወደ ጎን አድርጊ። ከዚያ በኋላ ነው ሁለተኛው ፕሌት የሚከፈተው። አምስት ፕሌት አንድ ላይ ከፍተው በተርታ የሚቀቡ ፈጣን ሰዎች አሉ፤ ፍጥነታቸው አያስቀናሽ። ስትቀቢ ስልክ ቢጮኽ አታንሺ። የሥራ ባልደረባሽ ሊያናግርሽ ቢመጣ በግራ እጅሽ ምልክት ስጪውና ስፖቱን ጨርሺ። ውጤቱ ሲወጣም ስሙን ከግራም ስቴይኑና ከኮሎኒው መልክ ጋር አስተያዪ። ብለድ አጋሩ ላይ ነጭና ክብ ሆኖ የወጣ፣ በግራም ስቴይን ሰማያዊ ዘለላ የሆነ ነገር «ሱዶሞናስ» ተብሎ ከመጣልሽ ማሽኑን አትውቀሺ፤ መዝገብሽን ፈትሺ።

5. ማትሪክሱ ትንሽ ጠብታ ቢሆንም የሥራው ሁሉ ጉልበት እሱ ነው።

ባክቴሪያን በማስ ስፔክትሮሜትሪ የመለየት ሐሳብ አዲስ አይደለም። ጆን አንሃልትና ካትሪን ፈንስላው እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ ሞክረውታል። ችግሩ ያኔ የነበረው መሣሪያ ትልልቅ ፕሮቲኖችን ሳይሰባብር ማንሳት አለመቻሉ ነበር። ያንን የፈታው ማትሪክስ ነው። ጀርመን ውስጥ ፍራንዝ ሂለንካምፕና ሚካኤል ካራስ የሌዘሩን ጉልበት የሚጠጣ ኦርጋኒክ ቅመም ከናሙናው ጋር መቀላቀልን አሳዩ፤ «ማልዲ» የሚለውንም ስም ያወጡት እነሱ ናቸው። ጃፓን ውስጥ ደግሞ የሺማድዙ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ኮይቺ ታናካ ግሊሰሪንን ከኮባልት ዱቄት ጋር በስህተት ቀላቅሎ፣ መድፋቱ ቆጭቶት ሲሞክረው ሠራለት። የ2002ቱን የኬሚስትሪ ኖቤል ከተጋሩት አንዱ ታናካ ሆነ፤ የዶክትሬት ዲግሪ እንኳ አልነበረውም። የጀርመኖቹ መቅረት በጊዜው ብዙ አነጋግሯል። ለእኔም ቢሆን ዛሬ በየላቦራቶሪው በእጃችን ያለው መንገድ የእነሱ ነው።

እንግዲህ ያቺ የ1 ማይክሮሊትር ጠብታ እንዲህ ናት። ለባክቴሪያ የምንጠቀመው አልፋ-ሲያኖ-4-ሃይድሮክሲሲናሚክ አሲድ ነው፤ ሁሉም ሰው «ኤችሲሲኤ» ይለዋል። በሚሊሊትር 10 ሚሊግራም ያህል ሆኖ ይሟሟል፤ መሟሟቻው 50 በመቶ አሴቶናይትራይል፣ 2.5 በመቶ ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ፣ የቀረው ውኃ ነው። አሴቶናይትራይል በቀላሉ ይተናል። የቲዩቡን ክዳን ከፍተሽ ሃያ ስፖት ስትሠሪ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ስፖት የሚያገኙት ማትሪክስ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከፍተሽ ውሰጂና ወዲያው ዝጊው። ብርሃንም አይወድም፤ ጨለማ ቦታ አስቀምጪው። ከሥሩ ዝቃጭ ካየሽበት አትከራከሪ፣ ድፊው።

ማትሪክሱ የሚጨመረው የቀባሽው ነገር ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ነው። እርጥብ ላይ ከጣልሽው ከክቡ ወጥቶ ወደ ጎረቤት ስፖት ይፈሳል፤ የሁለት ሰው ባክቴሪያም ይቀላቀላል። የደረቀውን ደግሞ ማትሪክስ ሳታለብሺ ምሳ አትሂጂ፤ ፕሮቲኑ አየር ላይ በቆየ ቁጥር ይበላሻል። ማትሪክሱን ከጣልሽ በኋላ በራሱ ጊዜ ይድረቅ። በማራገቢያ፣ በሙቀት ወይም እፍ በማለት ለማፍጠን አትሞክሪ፤ ክሪስታሉ ሻካራና ዝንጉርጉር ይሆናል፣ ሌዘሩም ፒክ ፍለጋ ሲዞር ይውላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይደርሳል፤ ስፖቱን ጠርገሽ እንደገና ትጀምሪያለሽ። ሲደርቅ ቢጫማ፣ ደቃቅና እኩል የተዘረጋ ሆኖ ካየሽው ተሳክቶልሻል።

6. ፎርሚክ አሲድ የሚያስፈልገውን ለይተሽ እወቂ።

ኢ. ኮላይን የመሰሉ ግራም ኔጋቲቮች ግድግዳቸው ስስ ነው፤ ማትሪክሱ ውስጥ ያለው አሲድ ራሱ ይከፍታቸዋል። ስታፊሎኮከስ፣ ስትሬፕቶኮከስ፣ ኮራይኔባክቴሪየም ወፍራም ግድግዳ ስላላቸው የተቀባው ላይ 1 ማይክሮሊትር 70 በመቶ ፎርሚክ አሲድ ጣዪ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ማትሪክሱን አልብሺው። እንደ ካንዲዳ ያሉ እርሾዎች ያለዚህ ብዙ ጊዜ እሺ አይሉም። ግራም ኔጋቲቭ ሆነው የሚያስቸግሩም አሉ፦ ሉፑን ስታነሺው እንደ ክር የሚጎተተው ንፍጣም ክሌብሲየላ ካፕሱሉ ፕሮቲኑን ይሸፍንብሻል። እሱን በጣም ስስ አድርገሽ ቀቢውና ፎርሚክ አሲድ ጨምሪለት፤ እምቢ ካለ ወደ ቲዩብ ውሰጂው።

የቲዩቡ መንገድ ረዘም ይላል፣ ግን አያሳፍርም። 300 ማይክሮሊትር ንጹህ ውኃ ውስጥ ጥቂት ኮሎኒ በደንብ በጥብጪ። 900 ማይክሮሊትር አብሶሉት ኤታኖል ጨምረሽ ቀላቅዪ። ሴንትሪፊውጁን በከፍተኛ ፍጥነት 2 ደቂቃ አሽከርክሪው፤ ፈሳሹን ድፊ፤ እንደገና አሽከርክሪና የቀረውን ጠብታ በፒፔት ልቀሚው። ከዚያ ዝቃጩ ይድረቅ። አብዛኛው ሰው የሚያበላሸው ይህን መጨረሻ ነው፤ ኤታኖሉ ሳይተን ፎርሚክ አሲድ ከገባ አሲዱ ይቀጥናል፣ ባክቴሪያውም በደንብ አይከፈትም። እንደ ዝቃጩ መጠን ከ5 እስከ 50 ማይክሮሊትር 70 በመቶ ፎርሚክ አሲድ ጨምሪና በደንብ በጥብጪ፤ ቀጥለሽ በዚያው ልክ አሴቶናይትራይል። አሽከርክሪውና ከላይ ካለው ጥርት ያለ ፈሳሽ 1 ማይክሮሊትር ስፖቱ ላይ ጣዪ፤ ሲደርቅ ማትሪክስ። ዝቃጩን በፒፔቱ አትንኪ። ርካሽ ቲዩብም አትግዢ፤ አሲዱና አሴቶናይትራይሉ ከፕላስቲኩ ውስጥ የሚያወጡት ነገር የራሱን ፒክ ይዞ ይመጣል።

7. የሚያጠራጥርሽን ኮሎኒ ጠረጴዛ ላይ አትቀቢ።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ማልዲ-ቶፍ ከመጣ ወዲህ ሰው ፕሌት ከፈተ፣ ቀባ፣ ስም አወጣ፤ ከዚያ ነው ማን እንደነበር የሚያውቀው። ያ ስም «ብሩሴላ» ሲሆን ያልታወቀ ነገር እያሸተቱ፣ እየጫሩ፣ አየር ላይ እያስነሱት እንደዋሉ ይረዳሉ። ብሩሴላ የላቦራቶሪ ሠራተኛን በማሳመም የታወቀ ነው፤ በትንፋሽ ይገባል፣ ጥቂቱም ይበቃዋል። የዋሽንግተን አካባቢ ሆስፒታል ውስጥ ስለሆንሽ ከእኛው አገር፣ ከኤርትራ፣ ከሱማሌ ወይም ከመካከለኛው ምሥራቅ ዘመድ ጠይቆ የተመለሰ፣ ጥሬ ወተት የጠጣ፣ ሳምንታት ያተኮሰው ሰው የደም ካልቸር በአንቺ እጅ ቢያልፍ አይግረምሽ።

ምልክቱ ይህ ነው፦ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ብለድ አጋር ላይ ደቃቅ ነው፤ ማክኮንኪ ላይ በተለምዶ አያድግም። በግራም ስቴይን ደብዘዝ ያለ፣ እንደ አሸዋ የተበተነ ደቃቅ ግራም ኔጋቲቭ ኮኮባሲለስ ነው። ካታሌዝና ኦክሲዴዝ ፖዘቲቭ ነው፤ ዩሪያውን ደግሞ ፈጥኖ ይቀይረዋል። ይህን ካየሽ ፕሌቱን ዝጊ፣ በቴፕ እሰሪ፣ ባዮሴፍቲ ካቢኔት ውስጥ አስገቢ፣ ኃላፊሽን ጥሪ። አሜሪካ ውስጥ መመሪያው ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያለው ጥርጣሬ ማሽን ላይ አይሞከርም፣ ወደ ስቴቱ የሕብረተሰብ ጤና ላቦራቶሪ ይላካል። ፍራንሲሴላ፣ በርክሆልደሪያ ሱዶማላይና አንትራክስም እንዲሁ ናቸው።

የላይብረሪውን ነገር እመለስበታለሁ ያልኩሽ እዚህ ነው። እነዚህ አደገኛዎቹ ብዙ ጊዜ በመደበኛው ላይብረሪ ውስጥ አይገኙም፤ ለብቻው የሚሰጥ ላይብረሪ አላቸው። ማሽኑ ብሩሴላን ካላወቀው የቅርብ ዘመዱን «ኦክሮባክትረም»ን ሊጠራልሽ ይችላል። ነገሩን ያባባሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የስም ሊቃውንት ኦክሮባክትረምን ብሩሴላ ውስጥ መክተታቸው ነው፤ ብዙ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ተቃውመውታል፣ እኔም ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነኝ። ስለዚህ ከደም ካልቸር ኦክሮባክትረም ሲመጣልሽ ደስ ብሎሽ ሪፖርት አታድርጊ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሳንባ ነቀርሳም ለብቻው ነው። ማይኮባክቴሪያ ግድግዳው ሰም ስለሆነ በጥርስ መጎርጎሪያ ተቀብቶ አይከፈትም፤ ሳይሞትም ከተከለለው ክፍል አይወጣም። የተለመደው በ95 ዲግሪ ሴልሺየስ 30 ደቂቃ ማሞቅ፣ ቀጥሎ በኤታኖል ማጠብ፣ ከዚያ ከደቃቃ የሲሊካ ዶቃ ጋር በአሴቶናይትራይል አንቀጥቅጦ መስበርና ፎርሚክ አሲድ መጨመር ነው። ይህን በቃል ከሰማሽው አትሥሪ፤ ላቦራቶሪሽ ራሱ መሞቱን ፈትኖ ባጸደቀው ጽሑፍ ብቻ ሥሪ።

8. የደም ካልቸር ጠርሙስ ሲጮኽ።

ሐኪሙ በጣም የሚቸኩልበት ናሙና ይህ ነው፣ ቢቸኩልም አይፈረድበትም። ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን በቀጥታ ብትቀቢው ግን የምታነቢው ሄሞግሎቢን ነው። ቀይ የደም ሴሎቹን በሳፖኒን ወይም በሌላ ሳሙና ሰብረሽ፣ አሽከርክረሽ፣ አጥበሽ፣ ባክቴሪያውን ብቻ ማስቀረት አለብሽ። ለዚህ የተዘጋጀ ኪት አለ፤ ኪት ለሌለው ላቦራቶሪ ደግሞ እኔ የምወደው ቀላል መንገድ አለ። ጠብታውን ቾኮሌት አጋር ላይ ዝሪና ከ4 እስከ 6 ሰዓት በኋላ የሚታየውን ስስ እድገት ጠርገሽ በፎርሚክ አሲድ ቀቢው። ግራም ኔጋቲቭ ሲሆን ብዙ ጊዜ ይሳካል፤ ግራም ፖዘቲቭ ትንሽ ይከብዳል። የግራም ስቴይኑን ውጤት ግን ማሽኑን ሳትጠብቂ በስልክ ንገሪያቸው።

9. ስኮሩን አንብቢ፣ ግን አትስገጂለት።

ብሩከር ባዮታይፐር በተባለው ማሽን ላይ 2.0 እና ከዚያ በላይ ሲሆን የዝርያው ስም ይታመናል፤ ከ1.7 እስከ 1.99 ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከ1.7 በታች ስም የለም ማለት ነው። ሌላው ማሽን፣ ቫይቴክ ኤምኤስ፣ በመቶኛ ነው የሚናገረው፤ ሁለቱን አታቀላቅዪ። ዝቅ ያለ ስኮር ሲመጣ ላይብረሪውን ከመክሰስሽ በፊት ስፖትሽን ጠይቂው፦ ወፈረ? ሳሳ? አረጀ? ተቀላቀለ? መጀመሪያ ስስ አድርገሽ ድገሚ፣ ቀጥሎ በፎርሚክ አሲድ፣ ቀጥሎ በቲዩብ። ከዚህ በኋላም እምቢ ካለ ያኔ እውነትም እንግዳ ነው፤ ወደ ጂን ምርመራ ላኪው።

ከፍ ያለ ስኮርም የሚያሳስትበት ቦታ አለ። ሺጌላና ኢ. ኮላይ በፕሮቲናቸው በጣም ስለሚመሳሰሉ ማሽኑ በተለመደው አሠራር አይለያቸውም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካለበት ሕፃን የመጣ፣ ማክኮንኪ ላይ ላክቶስ ያላፈላ ኮሎኒ በ2.3 «ኢ. ኮላይ» ቢባል ያ ስም ዋጋ የለውም። ወደ ድሮ ቲዩቦችሽ ተመለሺ፦ ቲኤስአይ፣ ላይሲን፣ ሞቲሊቲ፣ ከዚያ አንቲሴረም። ሳልሞኔላን «ሳልሞኔላ» ብሎ ይነግርሻል፤ ታይፎይድ ይሁን ሌላ ግን አንቺ ነሽ የምትለዪው። ስትሬፕቶኮከስ ኒሞኒየና ሚቲስ ሲያወዛግቡሽ ኦፕቶኪንና ባይል ይፍረዱ። አሜሪካ ውስጥ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ማሽኑ ላይ የተቀመጡ ልጆች እነዚህን በመጽሐፍ ነው የሚያውቋቸው። አንቺ ጎንደር ላይ በየቀኑ በእጅሽ ስትሠሪያቸው ኖረሻል፤ ያን ዕውቀት ያረጀ ነገር አድርገሽ አትደብቂው።

መድኃኒት መቋቋሙንም ማሽኑ በዚህ ምርመራ አይነግርሽም። ስም ማለት ስም ነው፤ ሴንሲቲቪቲው የራሱን ጊዜ ይወስዳል።

10. ታርጌቱን አጽጂ፣ መቆጣጠሪያውንም አትዝለዪ።

ተመልሶ የሚያገለግለው የብረት ታርጌት በ70 በመቶ ኤታኖል ይዘፈዘፋል፣ ይጠረጋል፣ ከዚያ በ80 በመቶ ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ ይታጠባል፣ በንጹህ ውኃም ይለቀለቃል። ይህ አሲድ ቆዳን ያቃጥላል፣ ጭሱም ሳንባን ይጎዳል፤ ጭስ መሳቢያው ሥር፣ በጓንትና በመነጽር ሥሪው። በደንብ ያልጸዳ ታርጌት የትናንቱን ሰው ባክቴሪያ ለዛሬው ሰው ይሰጠዋል። ከእያንዳንዱ ሥራ ጋር የኢ. ኮላዩን መለኪያ አሂጂ፤ ማትሪክስ ብቻ ያለበት ባዶ ስፖትም አስቀምጪ። ባዶው ስፖት ስም ካወጣ ያን ቀን አንድም ውጤት አይወጣም።

11. የመጨረሻው ስለ አገር ቤት ነው።

ይህ ማሽን ውድ ነው፤ አብዛኞቹ የአገራችን ሆስፒታሎች የላቸውም፣ በቅርቡም ሁሉም ያገኙታል ብዬ አላስብም። ነገር ግን የናሙናው ዝግጅት ከማሽኑ ሊለይ የሚችል ሥራ ነው። ውኃውና ኤታኖሉ ሲቀላቀሉ ኤታኖሉ 75 በመቶ ይሆናል፤ ባክቴሪያው እዚያ ውስጥ እንዳለ በቅዝቃዜ ሊቀመጥና ማሽኑ ወዳለበት ከተማ ሊላክ ይችላል፣ ሽክርክሪቱና ፎርሚክ አሲዱ እዚያ ይቀጥላሉ። የሚያስፈልገው ቲዩብ፣ አብሶሉት ኤታኖል፣ በትክክል የተጻፈ ቁጥርና ልምድ ያለው እጅ ነው። አብረውሽ ለተማሩት፣ ዛሬም በየሆስፒታሉ ፕሌት ለሚያነቡት ጓደኞችሽ ይህን ጻፊላቸው። አንድ ነገር ግን አስጠንቅቂያቸው፦ ኤታኖል ስፖር አይገድልም፤ አንትራክስ የሚጠረጠርበት ናሙና በዚህ መንገድ አይላክም።